ቃሬዛውን የተቀበሉን

ይህ በእኔ ላይ የደረሰ ነው። ያላመነኝን ለማሳመን ግን አቅሙም የለኝም፤ ደክሞኛል።

ዘመኑ 1978 ዓ.ም.፣ ሰዓቱ ቀትር። ቦታው ከሸዋ ሮቢት በላይ ያለው የአሮጌው ከተማ በር ነው።

እህቴን ፋዲላን ወባ ጥሏት ራሷን ስታለች። ቶሎ መርፌ ካላገኘች አትተርፍም ተብለናል። በቃሬዛ ይዘናት ወደ ጤና ጣቢያ ወረድን፤ እኔ፣ ባሏ በድሩ፣ ጎረቤታችን አደምና ሽማግሌው ጋሼ ሳልህ። ቀያሪ አልነበረንም። ጎረምሳው ሁሉ አፈሳ ፈርቶ ጫካ ገብቷል። እኛም ኬላውን ሸሽተን በአሮጌው መንገድ ሄድን።

የከተማው ግንብ ድሮ ፈርሶ ማሽላ ተዘርቶበታል። የቀረው በሩ ብቻ ነው።

እዚያ ስንደርስ ጋሼ ሳልህ ቆሙ።

"በዙሪያው እንሂድ።"

"ለምን፣ ጋሼ?"

"በሽተኛ ተይዞ በዚህ አይታለፍም።"

ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነገሩን። ከተማው በወረርሽኝ ሲያልቅ ጤነኞቹ በሽተኞቻቸውን ትተው ወጡ፤ ቃሬዛ ይዘን እንመለሳለን ብለው። ሲመለሱ በሩ ተዘግቶ ጠበቃቸው።

"ትተው የወጡት ዛሬም በሽተኞቻቸውን ይፈልጋሉ" አሉ።

በዙሪያው መሄድ ማለት ቦረቦሩን ወርዶ መውጣት ነው።

"ጋሼ፣ ትከሻዬ አለቀ" አለ በድሩ።

የሁላችንም አልቆ ነበር። ቢስሚላህ ብለን አለፍን።

ምንም አልሆነም...

ትንሽ እንደሄድን አንድ ሰው ከኋላዬ አንሾካሾከ።

"አምጣ።"

በእኛ አገር ቃሬዛ ያየ መንገደኛ ትከሻውን ይሰጣል፤ ወግ ነው። ፊቱን እንኳ ሳላይ እንጨቱን አቀበልኩት።

እጁ እጄን ነካኝ። በዚያ ሐሩር... ቀዝቃዛ ነበር።

አሰላሙ አለይኩምም አላለኝ። ይህ ብቻውን ሊያነቃኝ ይገባ ነበር። ግን ዕረፍቱ ጣፈጠኝ፤ መሬት መሬቱን እያየሁ ተከተልኩ።

ቆይቶ አደም ከጎኔ መጣ። እጁ ባዶ ነው።

"ማን ተቀበለህ?" አልኩት።

"እንጃ... አንድ ሰው።"

ከኋላችን ጋሼ ሳልህ ያስላሉ። በድሩ አጠገባቸው ትከሻውን እያሸ ይሄዳል።

አራታችንም ከኋላ ነን።

ቀና አልን። ቃሬዛው ከፊታችን በትከሻ ቁመት ይሄዳል። ከሥሩ ማንም የለም።

"ፋዲላ..." አለ በድሩ።

ቃሬዛው ቀስ ብሎ ዞረ። ኮቴ ሳያሰማ በአጠገባችን አልፎ ወደ በሩ ተመለሰ።

ልሮጥ ነበር። እህቴ ናት... ግን ደክሞኝ ነበር።

ከበሩ ወዲያ ማሽላው ይታያል። የገባው የቃሬዛው ጫፍ ግን በወዲያ በኩል አልወጣም።

ግማሹ እንደገባ የፋዲላ ክንድ ከጋቢው ወጥቶ ተንጠለጠለ።

ከበሩ ውስጥ አንድ እጅ ብቅ አለ... ክንዷን ቀስ ብሎ አነሳና ጋቢው ውስጥ መልሶ ሸፈናት።