በጋሽ ሽቦ ኪስ የተገኘችው ፊውዝ

ጋሽ ሽቦ በገዛ የሥራ ክፍሉ ወለል ላይ በጀርባው ተንጋሎ ተገኘ። ዕድሜውን ሙሉ ዝም ያለ ራዲዮ ሲያናግር የኖረ ሽማግሌ፣ በመጨረሻ እሱን የሚያናግር ጠፋ። በግራው ክዳኑ የተነሳ አሮጌ የሸክላ ድምፅ ማጉያ አምፕሊፋየር፣ በራስጌው ወገብ የሚደርስ የእንጨት ስፒከር አለ፤ የስፒከሩን ጥግ ደም ነክቶታል። የሁለት እጁ ጣቶች ተቃጥለዋል። የአምፕሊፋየሩም ገመድ ግድግዳው ላይ እንደተሰካ ነው።

የፖሊስ ጣቢያው አለቃ ከደጃፉ ሳያልፍ ፈረደ። ኤሌክትሪክ ያዘው፣ ወረወረው፣ ጭንቅላቱ ስፒከሩን መታ፣ በቃ። የቀረው ማን ሰካው የሚለው ብቻ ነበር፤ ለእሱም መልስ ፍለጋ ሩቅ አልሄደም። የሟች ልጅ ከጎን ባለው ክፍል ልብስ ትሰፋለች። በዚያው ሳምንት አባቷን «ይሄ ቅራቅንቦህ አንድ ቀን ይገድልሃል» ስትለው ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል። ያልሰማ ቢኖር አጎቷ፣ የሟች ታናሽ ወንድም፣ እየዞረ አሰምቶታል።

አለቃው አንድ ወረቀት ጽፎ አመጣላት። አባቴ እጁን ከትቶ ሲሠራ ሳላውቅ የሰካሁት እኔ ነኝ ይላል። ከፈረመች ቅጣቱ ይቀልላታል፤ ካልፈረመች ከቀብር መልስ በካቴና ትሄዳለች። ልጅቷ ዓይኗ አብጧል፣ የልኬት ሜትሯ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው። ወረቀቱን ተቀበለችና አጣጥፋ ኪሷ ከተተችው።

«ያልሰካሁትን አልፈርምም» አለች። «አባዬም ትናንት ሥራ እንደጀመረ ሰው ሽቦ ጨብጦ አልሞተም። ማሰር ከፈለጋችሁ እሰሩኝ፤ ይህቺን ፊርማ ግን ከእጄ አታገኟትም።»

መርማሪዋ የደረሰችው በዚህ መሀል ነው። ባልደረቦቿ «እንቅፋት» ይሏታል፤ ለመዘጋት የሚሮጥ መዝገብ ሁሉ እሷ ጋ ሲደርስ ጥፍሩ ይነቀላል። አለቃው ገና ሲያያት ፊቱ ተጨማደደ። ነገሩ አልቋል፣ ባትለፊም ይቻል ነበር አላት። ካለቀማ ባየው አይጎዳም ብላ አልፋው ገባች።

አስከሬኑ አጠገብ ተንበረከከች። ቃጠሎው ቀጥ ያለ ቀጭን መስመር ነው፤ ዙሪያው ያለው ቆዳ አልቀላም፣ ውሃም አልቋጠረም። ቀና ስትል ጠረጴዛው ላይ የሽቦ መበየጃውን ብረት አየች፤ ጫፉ ላይ የተቃጠለ ነገር ተጣብቋል። ከዚያ የሟችን ኪስ ዳበሰች። ከግራ ኪሱ አንዲት የብርጭቆ ፊውዝ ከጥቁር ክዳኗ ጋር ወጣች።

ልጅቷን ጠርታ አሳየቻት።

«የአባዬ ሕግ ናት» አለች ልጅቷ። «የማንንም ዕቃ ሲከፍት መጀመሪያ ፊውዙን አውጥቶ ኪሱ ይከታል። ከዚያ ወዲያ ማንም ቢሰካው ዕቃው አይነሳም። ‹ነፍሴን ለሌላ ሰው ጣት አላስይዝም› ይላል። እኔንም መጀመሪያ ያስተማረኝ ይህችኑ ነው።»

መርማሪዋ ወደ ተከፈተው አምፕሊፋየር ጎንበስ አለች። የእሱ ፊውዝ ከነክዳኑ ቦታው ላይ ቁጭ ብሏል። የግራ ቅንድቧ ወደ ላይ ወጥቶ እዚያው ቀረ።

ስለ ዕለቱም አስወራቻት። ልጅቷ ስፌት ላይ ሆና አባቷ ሸክላ ሲያጫውት ትሰማ ነበር። በመሀል ሳቀ፤ ከዕቃዎቹ ጋር ብቻውን የሚስቅ ሰው ስለነበር ነገሬ አላለችውም። ትንሽ ቆይቶ ዘፈኑ ከመሀል ተቆረጠ። መብራት ሄደ እንዳትል የኤሌክትሪክ ስፌት መኪናዋ ይዞራል። እሱ ደግሞ ዘፈን ከመሀል መቁረጥ የሚናገር ሰው አፍ እንደ መያዝ ነው ባይ ነበር። ምሳ ይዛ ስትገባ ያየችውን አየች።

መርማሪዋ ወደ ሸክላ ማጫወቻው ዞረች። አንድ እግሩ አጥሮ ወደ ጎን ያነክሳል፤ ላዩ ግን ባዶ ነው። ሸክላው ተወልውሎ፣ ሽፋኑ ውስጥ ገብቶ መደርደሪያው ላይ ቆሟል። ማን መጥቶ እንደነበር ልጅቷ አታውቅም። ዕቃ የሚያስጠግን ሰው በጓሮ በር ይገባል፣ በጓሮ በር ይወጣል፤ ጋሽ ሽቦም የሰው ዕቃ ሆዱ ሲከፈት ገመና ነው እያለ የማን እንደሆነ ለማንም አይናገርም።

አጎትየው የሚፈልገው ክፍሉን ነው። ለሱቅ ሊያከራየው አስቧል፤ ይህንንም አልደበቀም። ሸክላዎቹን «ሳህኖች» ይላቸዋል። መርማሪዋ እንደ ዋዛ አንዱን አቀብለኝ ብትለው አምስት ጣቱን ፊቱ ላይ ጭኖ እንደ ድስት ክዳን አነሳው። ልጅቷ ከንፈሯን ነከሰች።

ቀጥላ ያነጋገረቻት ጡረታ የወጣች የራዲዮ ዜና አንባቢ ናት። ሴትየዋ የምትሄደው በከዘራ ነው፤ ድምፅዋ ግን ገና ከዘራ አላስፈለገውም። እሑድ እሑድ እሷ፣ ጋሽ ሽቦና አንድ የጥርስ ሐኪም እዚህ ተሰብስበው ሸክላ ይሰማሉ፤ በየዕቃቸው ይፎካከራሉ፣ ሲላቸውም ይሰዳደባሉ። ጋሽ ሽቦ በሞተበት ጠዋት ደውሎ የፊታችን እሑድ እንዳትቀሪ፣ ሆድሽን ይዘሽ ትስቂያለሽ ብሏታል። በማን እንደሚሳቅ አልነገራትም።

የሐኪሙ ቤት አምፕሊፋየር ሳሎኑ መሀል የእብነ በረድ ጠረጴዛ ላይ እንደ ሙሽራ ተቀምጧል። በአናቱ አራት የብርጭቆ ቫልቮች ተደርድረዋል፤ ሲበራ እንደ ፍም ይቀላሉ። ሐኪሙ ስለ ሟች እምብዛም አልተናገረም፤ ስለ ቫልቭ ግን አፉ አልተዘጋም። ድምፁን የሚያጎሉት እነሱ ናቸው፤ የቫልቭ ድምፅ ይሞቃል፣ ነፍስ አለው፤ የዘመኑ ዕቃ ግን ጆሮውን ያሳክከዋል፣ ከሩቅ ለይቶ ያውቀዋል። ለጋሽ ሽቦ የሰጠው ዕቃ ይኖር እንደሆን ስትጠይቀው፣ የእሱ ተበላሽቶ እንደማያውቅ ነገራት።

«እስቲ ያሰሙኝ» አለችው።

«ሐዘን ላይ ነን እኮ። ነውር አይሆንም?»

«እውነትዎን ነው» አለችና ዕቃውን ዞራ አየችው። ከጀርባው የጣት ጫፍ የምታህል ቀዳዳ ክፍቷን ቀርታለች። ሐኪሙ የት እንደምታይ አየ፤ ምን እንዳየች ግን አልገባውም።

ከቀብር መልስ ሁሉም በጋሽ ሽቦ ሥራ ክፍል ተሰበሰቡ። አለቃው እስክሪብቶውን ይዞ፣ ካቴናውን ቀበቶው ላይ አንጠልጥሎ ቆሟል። ሁለት ፖሊሶች የሐኪሙን አምፕሊፋየር ተሸክመው ገቡ፤ እሱም ከኋላ ከኋላ እየተከተለ በጣታችሁ አታበላሹት ይላል።

«ጋሽ ሽቦ በኤሌክትሪክ አልሞተም» ብላ ጀመረች መርማሪዋ። «የሞተ ቆዳ ሲቃጠል አይቀላም፣ ውሃም አይቋጥርም። ጣቶቹን ከሞተ በኋላ በዚያ መበየጃ ያቃጠለው ሰው አለ።»

አለቃው ይህ የተከፈተውስ ብሎ ወደ አምፕሊፋየሩ ጠቆመ።

«እሱማ ሲዘፍን የነበረው ነው፤ ከስፒከሮቹ ጋር የተያያዘ ሌላ የለም። ደህና የሚዘፍን ዕቃ ማን ይከፍታል? ፊውዙም ቦታው አለ። ሟች ኪስ ያለችው የሌላ ዕቃ ናት። ጋሽ ሽቦ ይሠራ የነበረው ያንን ሌላውን ነው፤ እሱ ደግሞ በጓሮ በር ወጥቷል።»

ማን እንዳወጣውም አንድ በአንድ አስረዳች። ልጅቷ አይደለችም፤ የፊውዟን ሕግ የሚያውቅ ሰው ኪስ ሳይፈትሽ አይሄድም። አጎትየውም አይደለም፤ ያ ሰው ዘፈኑን ያቋረጠው መርፌውን በቀስታ አንስቶ ነው፣ ሸክላውንም ወልውሎ ቦታው መልሷል። አጎትየው ቢሆን ሳህኑ እስከ ዛሬ ይሽከረከር ነበር። ዜና አንባቢዋም በከዘራ እየሄደች ይህን የሚያህል ብረት አትሸከምም።

«ሰው ሲወድቅ ያላሳዘነውን፣ የሸክላ መቧጨር አሳሰበው» አለች። «እንዲህ ያለ ሰው እዚህ ቤት አንድ ቀርቷል።»

ሐኪሙ ሳቅ አለ። ፊውዝ በየሱቁ የሚሸጥ ነገር መሆኑን አስታወሳት።

«ፊውዟስ ትሸጣለች። ክዳኗ ግን የዕቃው ናት።»

ፊውዟን ቀዳዳው ውስጥ አስገብታ ጥቁሩን ክዳን አዞረችው። ልክ ብሎ ገጠመ። ልጅቷ ስፒከሮቹንና ሸክላ ማጫወቻውን አያያዘች፣ ያን ሸክላ ከመደርደሪያው አውርዳ ጫነች፣ ዕቃውን ሰካችው፤ አራቱ ቫልቮች ቀሉ። ያ ተቆርጦ የነበረው ዘፈን ክፍሉን ሞላው። ሐኪሙ ግንባሩን ጠረገ።

መርማሪዋ መሐረቧን አወጣች። የመጀመሪያውን ቫልቭ በመሐረቡ ይዛ፣ ወዝወዝ አድርጋ እንደ ጥርስ ነቀለችው። ዘፈኑ አልተቋረጠም። ሁለተኛውን ነቀለች። ሦስተኛውን። አራተኛው ወጥቶ ጠረጴዛው ላይ ሲቀመጥም ዘፋኙ አንዲት ፊደል አልሳተም። አናቱ ባዶ የቀረው ዕቃ ጥርት አድርጎ ይዘፍናል።

«ሲነቀል ያላመመ ጥርስ ምን ይባላል፣ ዶክተር?» አለች ዜና አንባቢዋ፣ በዚያ በዜና ድምፅዋ።

መርማሪዋ የታችኛውን ክዳን ከፍታ አሳየቻቸው፤ ሆዱ ውስጥ መዳፍ የማትሞላ የዘመኑ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ትሠራለች። ቫልቮቹ ለዓይን የሚበሩ ፋኖሶች ነበሩ። ሻጮች ሐኪሙን አታልለው ሸጠውለት፣ እሱም ዓመታት ሙሉ ስለ ሙቀቱና ስለ ነፍሱ ሲሰብክበት ኖሯል። ድምፁ ተንኮሻኩሾበት ለጋሽ ሽቦ ሲያመጣው ነው ጉዱ የወጣው። ፊውዟ ደግሞ ሟች ኪስ ስለቀረች ዕቃው ድዳ ሆነ፤ ለሌላ ጠጋኝ እንዳይሰጠው ገመናውን ፈራ።

«ሳቀብኝ» አለ ሐኪሙ፣ ዓይኑን ከዕቃው ሳይነቅል። «ሆዱን ይዞ ሳቀብኝ። ለእሑድ ለሁሉም አሳያለሁ አለ። ገፋሁት እንጂ ልገድለው አልነበረም።»

ልጅቷ እስከዚያች ቀን አንቱ ስትለው ኖራለች።

«እሺ፣ ገፋኸው» አለችው። «ጣቱን ስታቃጥልስ? እሱም ሳይታወቅህ ነው? ለእኔ ካቴና ሲመጣ አጠገቤ ቆመህ አባዬን የቀበርከውስ?»

ካቴናው ባለቤቱን አገኘ። ሐኪሙን ይዘውት ሲወጡ አለቃው ከበሩ ተመለሰ። ጉሮሮውን ጠራረገና ያቺን ወረቀት ብትመልሽልኝ አላት።

ልጅቷ የአባቷን አምፕሊፋየር ክዳን ገጥማ፣ ዘፈኑን ከመጀመሪያው ልታስጀምር ጎንበስ ብላ ነበር። በጣቷ ወደ ሸክላ ማጫወቻው እግር ጠቆመችው። ወረቀቱ በአራት ታጥፎ ከአጭሩ እግር ሥር ገብቷል።

«ካነሳሁት ያነክሳል» አለችው።

አጎቷ ሐዘን ቤት መሆኑን፣ ክፍሉንም ለሱቅ የሚያዩ ሰዎች እንደሚመጡ በሩ ላይ ሆኖ ተናገረ። እሷም መርፌውን አሳረፈችና የድምፁን ማዞሪያ እስከ ጥግ አዞረችው። አጎትየው አፉ ሲንቀሳቀስ ይታያል፤ የሚለው ግን አይሰማም። መርማሪዋ የጋሽ ሽቦ ወንበር ላይ ተቀምጣ እግሯን ዘረጋች።

ዘፈኑ በዚህኛው ጊዜ ማንም ሳያቋርጠው እስከ መጨረሻው ሄደ።