ከባሕር የተረፈው ሰው አሟሟት

ዓሣ አጥማጁ አልጋው ላይ ተንጋልሎ፣ ፊቱን ወደ መስኮቱ እንዳዞረ ሞቶ ተገኘ። የጀልባው ሞተር ተበላሽቶበት ለሳምንታት ባሕር ላይ ተንከራቷል። ቤተሰቡ አልቅሶ እርሙን ካወጣ በኋላ ነው አንድ የጭነት መርከብ አግኝቶ የመለሰው። ቆዳና አጥንት ሆኖ መጣ። ቤቱ ከገባ ሳምንት እንኳ አልሞላውም።

መርማሪዋ ስትደርስ ገዳዩ በገዛ አፉ አምኖ እየጠበቃት ነበር። የሟች ታናሽ ወንድም ነው፤ የሞተር ጠጋኝ፣ ቤተሰቡ «ትንሹ» የሚለው። ደጃፉ ላይ ተቀምጦ እጆቹን ዘረጋላት።

«እኔ ነኝ። ወተቱ ውስጥ የአይጥ መርዝ ጨመርኩበት። ካቴናውን አጥልቂልኝና እንሂድ።»

«አትቸኩል» አለችው። ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል፤ ቀጭን ስለሆነች፣ ደግሞም የነካችውን ሳትበሳ ስለማትመለስ።

መጀመሪያ ሬሳውን አየች። ክንዶቹ እንጨት መስለዋል፤ እግሮቹ ግን አብጠው ነበር። ጣቷን ስትጫናቸው ጎድጉደው ቀሩ። ያስመለሰበት ምልክት የለም። ጉንዳኖች በአልጋው እግር ሽቅብ ወጥተው ወደ ትራሱ ይሄዳሉ። ትራሱን ብታነሳው የደረቁ የሩዝ ፍሬዎች ተጣብቀውበታል። አሸተተቻቸው፤ ወተትና ስኳር። የተረፈውን ወተት የቤቱ ድመት ከራስጌው ልሳ ጨርሳ፣ መስኮቱ ላይ ፀሐይ እየሞቀች ትላላሳለች።

ወደ ማእድ ቤት አለፈች። የአይጥ መርዙ ቆርቆሮ መደርደሪያው ላይ አለ። ክዳኑ ዝጎ ተጣብቋል፤ ብትታገለውም አልከፈት አላት። ከመታጠቢያው ሥር ደግሞ መቀመጫው ያረረ ትንሽ ድስት ተደብቋል።

«የሚያበላው ማን ነበር?» ስትል የሟችን ሚስት ጠየቀቻት።

«እኔ። ዶክተሩ ያዘዘውን ቀጭን ሾርባ፣ ያውም በማንኪያ። ከሰዓት በኋላ ዓሣ ማጽጃው ቤት ሥራ ስገባ እናቱ አብረውት ይቀመጣሉ።»

«ትንሹ ያለውን ታምኛለሽ?»

«ለምን አላምን? ትናንት ‹ይበቃሃል! ይበቃሃል አልኩህ!› እያለ ሲጮህበት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ከዚያ በሩን በኃይል ዘግቶ ሮጦ ወጣ። ባሕር ላይ የከዳውን ሞተርስ ጠግኛለሁ ያለው እሱ አይደል!»

እናቱ ጥግ ላይ ተቀምጠው የልጃቸውን ሸሚዝ ያጥፋሉ፤ ፈትተው እንደገና ያጥፋሉ።

«እናቴ፣ ተሠቃይቶ ነበር?» አለቻቸው መርማሪዋ።

«ትንፋሽ አጠረው። እጄን ይዞ ነበር።» ሸሚዙን በመዳፋቸው ዳበሱት። «አንድ ነገር ብቻ ያጽናናኛል። ያን ያህል ተርቦ ከርሞ፣ ልጄ ጠግቦ ነው የሞተው።»

መርማሪዋ ቀና ብላ አየቻቸው። ዶክተሩ እንዲጠራ አዘዘች።

እሱ ሲመጣ ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው።

«እዚህ ቤት መርዝ የሰጠ የለም» ብላ ጀመረች። «ቆርቆሮው ከተከፈተ ዘመን አልፎታል። ወተቱን የጠጣችው ድመት ደህና ናት። ትንሹ ዋሽቷል።»

«አልዋሸሁም!» ብድግ አለ። «አድርጌዋለሁ አልኩ እኮ! ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?»

«‹ይበቃሃል› ያልከው ዝተህበት አይደለም። እጁ ላይ ሳህን አይተህ ነው። ሮጠህ የወጣኸውም ዶክተሩን ፍለጋ ነው።»

«መጥቶ ነበር አሉኝ» አለ ዶክተሩ በቀስታ። «እኔ ሌላ በሽተኛ ዘንድ ነበርኩ።»

«ሾርባ በማንኪያ የሚቀምስ ሰው ጠገብኩ አይልም። ትራሱ ሥር የተጣፈጠ ሩዝ አለ፤ ድስቱ አርሮ ተደብቋል። ዶክተር፣ እንዲህ ለተራበ ሰው ይህ ምን ያደርገዋል?»

ትንሹ እግሯ ላይ ወደቀ። «በእናትሽ! እባክሽ፣ እኔን ውሰጂኝና ይብቃ!»

መርማሪዋ ዓይኗን መለሰች። ዝም ብትል ያልገደለ ሰው ወህኒ ይወርዳል። ለዶክተሩ ራሷን ነቅንቃ ምልክት ሰጠችው።

«የተራበ ሰውነት ራሱን ነው የሚበላው» አለ ዶክተሩ። «ስቡን ይጨርስና ወደ ጡንቻው ይዞራል፤ የልብን ጡንቻ ሳይቀር። ጨጓራ ይኮማተራል፣ የአንጀት ግድግዳ ይሳሳል። በዚህ ላይ ሩዝና ስኳር በብዛት ሲገባ፣ ከአፍ ምራቅ ጀምሮ እስከ ትንሹ አንጀት ድረስ እየተፈጨ፣ ስኳር ሆኖ ደም ውስጥ ይገባል። ያኔ ቆሽት ኢንሱሊን ያፈሳል። ስኳሩ ከደም ወደ ሰውነት ሲገባ ልብ የሚመታባቸውን ማዕድናት አብሮ ይዟቸው ይሄዳል። ለልብ የሚተርፍ የለም። እግር ያብጣል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ ከዚያ ልብ ቀጥ ይላል። ለዚህ ነው ትንሽ በትንሽ ያልኩት።»

«ምክንያቱን ለማን ነገሩት?» አለች መርማሪዋ።

«ለወንድሙ ብቻ፤ ደጃፉ ላይ። ሴቶቹን ማስደንገጥ አልፈለግሁም።»

የእናትየው እጅ ሸሚዙ ላይ ቆመ።

«ሩዙ ነው?» አሉ።

ሸሚዙን ከጭናቸው ወደ ጎን አኖሩት።

«ልጅ ሆኖ ሲታመም እሱን ነበር የምቀቅልለት። ባሕር ላይ በሕልሙ ሲያየው የከረመ እሱን ነው አለኝ። ‹እማ፣ ትንሽ ጨምሪልኝ› ይለኛል። ዶክተር፣ ቢነግሩኝ ኖሮ እችል ነበር እኮ። እያለቀሰ ቢለምነኝም እከለክለው ነበር።»

ዶክተሩ አንገቱን ደፋ።

«እኔም እንደሚያበሉት አውቅ ነበር» አለች ሚስትየው። «አንድ ቀን ቀደም ብዬ መጥቼ መስኮቱ ሥር ቆምኩ። የማንኪያውን ድምፅ ሰማሁ፤ እሱም ሳቀ። ከመጣ ጀምሮ ስቆ አያውቅም ነበር። ደስ ብሎኝ፣ እንዳላቋርጣቸው ቀስ ብዬ ተመለስኩ።»

እናቱ ግድግዳውን ተደግፈው ተነሡ። ወደ ታናሹ ልጃቸው ሄደው በጥፊ መቱት።

«ሁለታችሁንም ልታሳጣኝ?»

«እንዳትሰሚው ብዬ ነው፣ እማ። ይህን ከምትሰሚ እኔ ልታሰር ብዬ።»

ኮሌታውን ጨብጠው ወደ ራሳቸው ሳቡት፤ አቅፈውት እንደ ሕፃን ጮኹ። በኋላ ሬሳውን ሊያጥቡ ሰዎች ገቡ። ሬሳው ታጥቦ፣ ተከፍኖ እስኪወጣ ድረስ የእናትየውን እጅ ከትንሹ ኮሌታ ላይ ላላቅቅ ያለ አንድም ሰው አልነበረም።