በመሃል የነበረው ድምፅ

ሟቿ በጀርባዋ ተኝታለች። ብርድ ልብሱ እስከ አገጯ ተስቧል፤ ኮመዲኖው ላይ ባዶ የእንቅልፍ ክኒን ጠርሙስ ቆሟል። በማግስቱ ከዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት ዳኞች ፊት ቀርባ፣ በጦርነቱ ጊዜ ባዕዳን ወታደሮች በእስር ቤት ውስጥ በሴቶች ላይ የፈጸሙትን ልትናገር ነበር።

«ፈርታ ነው። በሩን ከውስጥ ቆልፋ ራሷን አጠፋች፣ አለቀ» አለ የጣቢያው አዛዥ፣ ወደ ደረጃው እያመራ።

መርማሪዋ ግን ወደ አልጋው ቀረበች። ከመናገር ይልቅ መስማት ስለሚቀናት ባልደረቦቿ «ጆሮ» ይሏታል። ጎንበስ ብላ የሟቿን ከንፈር በጓንቷ ገለጥ አደረገች። ከውስጥ በኩል ጥርስ የበጣው ትኩስ ቁስል አለ። ትራሱን ስትገለብጠው የደም ነጠብጣብ አገኘች።

«ክኒን አይደለም የገደላት» አለች በለሆሳስ። «በትራስ አፍነዋታል።»

አዛዡ ባለበት ቀጥ አለ።

ቤቱ ምስክሮች የሚሸሸጉበት ነው። ግቢው በግንብ የታጠረ ነው፤ በዚያን ቀን ከውጭ የገባ ሰው አልነበረም። ስለዚህ ገዳዩ ሳሎን ውስጥ ከተቀመጡት አራት ሰዎች አንዱ መሆን አለበት፤ ወይ የሟቿ ታናሽ እህት፣ ወይ ከባሕር ማዶ የመጣችው ጠበቃ፣ ወይ አስተርጓሚው፣ ወይ ሽማግሌው ዘበኛ። ይህን ሲሰሙ ሁሉም ዓይናቸውን መሬት ላይ ተከሉ።

መርማሪዋ መጀመሪያ እህትየውን ወደ ማድቤት ወሰደቻት። እሷም ምስክር ነች።

«እቴቴ በር አትቆልፍም» አለች። «እኔም አልቆልፍም። እንዲያ ያለ እስር ቤት ያየች ሴት በር ዘግታ እንቅልፍ አይወስዳትም። ቁልፎቹ ይኸው እዚህ ግድግዳ ላይ ነው የሚንጠለጠሉት፤ የሚነካቸው የለም።»

«ሰሞኑን ምን ሆና ነበር?»

እህትየው ወደ ሳሎኑ ገልመጥ አለችና ድምፅዋን ቀነሰች። «ትናንት ከጠበቃዋ ጋር ተነጋግራ ስትወጣ እጇ በረዶ ሆኖ ነበር። ‹ያ ድምፅ› አለችኝ። የቱ ድምፅ ብላት ‹እርግጠኛ ልሁንና እነግርሻለሁ› አለች። እኔና እሷን የያዙን በተለያየ ቦታ ነው፤ እሷ የሰማችውን ድምፅ አላውቅም። ግን ሁላችንም ዓይናችን ታስሮ ነበር። ሕጉ ‹ማንን አየሽ?› ይለናል። እኛ ያለን የሰማነው ነው።» የመርማሪዋን ክንድ ጨበጠች። «በሞቴ፣ ፍርድ ቤት ሂጂ እንዳትይኝ። ቀጣይዋ እኔ ነኝ።»

ዘበኛው ሲጠየቅ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር።

«በሩን የሰበርኩት እኔ ነኝ፣ ልጄ። ከምሳ በኋላ እህትየው ብትጠራት፣ ብትጠራት ዝም። በትከሻዬ ስገፋው ተበረገደና በአፍጢሜ ተደፋሁ። አስተርጓሚው በላዬ ዘሎ ገባና ‹ቁልፉ ይኸው!› ብሎ ጮኸ።»

«የት ወድቆ ነበር፣ አባባ?»

«ወዲያ፣ አልጋው ሥር፣ በመስኮቱ በኩል።»

ጠበቃዋ የአገሩን ቋንቋ ስለማታውቅ አስተርጓሚው በመሃል ተቀመጠ። በዚያ ሙቀት የሸሚዙን እጅጌ እስከ አንጓው ድረስ ቆልፏል።

«ሟቿን ለመጨረሻ ጊዜ ያየቻት መቼ ነው?»

ጠበቃዋ ረዘም አድርጋ ተናገረች። በመዳፏ አንድ ነገር ወደ ጎን ገፋ አድርጋ አሳየች፤ ከዚያ ጣቷን ወደ ፎቁ፣ ቀጥሎም ወደ አስተርጓሚው ደረት ቀሰረች።

«ከምሳ በፊት በደጇ ሳልፍ በሩ ዝግ ነበር ትላለች» አለ አስተርጓሚው። «ትረፍ ብዬ አልቀሰቀስኳትም ትላለች።»

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው።»

«እርስዎስ?»

«እኔ ከሳሎን አልተነሳሁም። ወደ ላይ ዝር አላልኩም። እንዲያውም ለቤቱ እንግዳ ነኝ፤ የፊተኛው ስለታመመ በዚህ ሳምንት ነው የተተካሁት።»

መርማሪዋ ራሷን ነቀነቀችና ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበች። አዛዡ በሩን ይዞ ቆመ። እህትየው ከግድግዳው ጋር ተለጥፋለች።

«ሟቿ በር የማትቆልፍ ሴት ነበረች» ብላ ጀመረች መርማሪዋ። «ይህን የማያውቅ፣ ለቤቱ አዲስ የሆነ ሰው ብቻ ነው በሩን ቆልፎ ራሷን አጠፋች የሚያሰኝ። ቁልፉ በሩ ላይ ቢሆን ኖሮ በሩ ሲሰበር እዚያው ይወድቅ ነበር። የተገኘው ግን አልጋው ሥር ነው። ከውጭ ቆልፎ ቁልፉን በኪሱ የያዘ ሰው፣ ዘበኛው ተደፍቶ ሳለ ቀድሞ ገብቶ ጣለው።»

ከዚያ ወደ ጠበቃዋ ዞራ፣ በጠበቃዋ በራሷ ቋንቋ አንድ ነገር ጠየቀቻት።

የአስተርጓሚው ፊት አመድ መሰለ።

«ቋንቋውን ትችያለሽ ወይ ብሎ የጠየቀኝ የለም» አለች መርማሪዋ። «አሁንም ቅድም ያለችውን ነው የደገመችው፤ ‹በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ ነበር። መኪናው ነገ ማልዶ እንደሚመጣ እንዲነግራት እሱን ወደ ላይ ላክሁት።›»

«ደንግጬ ነው! ቃሉ ጠፍቶብኝ...»

«የደነገጠ ሰው ያገኘውን ቃል ይረሳል። አንተ ግን የተከፈተውን በር ዘግተህ፣ ራስህን ብቻ ረሳህ። እጅጌህን ሰብስብ።»

አልንቀሳቀስም አለ። አዛዡ የሸሚዙን ቁልፎች ፈታና እጅጌውን ወደ ላይ ሰበሰበው። ከአንጓው በላይ ትኩስ የጥፍር ቡጭሪያ ነበር።

«የመረመሯት ወታደሮች ባዕዳን ነበሩ» አለች መርማሪዋ። «ቃሏን የሚተረጉምላቸው ሰው ያስፈልጋቸው ነበር። ድምፅህን አወቀችው።»

«እኔ እዚያ ማንንም አልነካሁም! ያሉኝን ነው የተረጎምኩት!»

«እዚያ የት?»

አዛዡ ካቴናውን አወጣ።

መርማሪዋ ይህን ስትተረጉምላት ጠበቃዋ ብድግ ብላ ተናገረች። መርማሪዋ ትንሽ ካመነታች በኋላ ወደ እህትየው ዞረች። «በዚህ ሳምንት እህትሽ ለጠበቃዋ በሱ በኩል ስትነግራት፣ ‹ሰደቡኝ› ብቻ ነው ያለችው ትላለች።»

«ሰደቡኝ?» እህትየው ከግድግዳው ተላቀቀች። «ሰደቡኝ? ሁሉንም እኮ ነው የነገረቻት! ሌሊቶቹን፣ ያደረጉባትን፣ ሁሉንም!» ዘበኛው ደግፎ አስቀመጣት። አስተርጓሚው ቀና ብሎ አላያትም፤ ካቴና ገብቶለት ወጣ።

ችሎቱ ለጥቂት ቀናት ተራዘመ። በቀጠሮው ቀን እህትየው ሁለት ጊዜ ከመኪናው ወርዳ ሁለት ጊዜ ተመለሰች። መርማሪዋ «በርቺ» አላለቻትም፤ አጠገቧ ተቀምጣ እጇን ያዘቻት።

አዲሷ አስተርጓሚ ሴት ነበረች። እህትየው በመጀመሪያ በእሷ ላይ የደረሰውን፣ ቀጥላም እቴቴ የነገረቻትን ተናገረች፤ የተደረገውንም በስሙ ጠራችው። አስተርጓሚዋ አንዴ ዓይኗን ጨፈነች፤ ከዚያ ቃሉን ሳታለሳልስ እንዳለ ለዳኞቹ ሰጠች።

«እረፍት ትፈልጊያለሽ?» አለቻት ከዳኞቹ አንዷ።

«አልፈልግም» አለች እህትየው። መንቀጥቀጧን አላቆመችም፤ ንግግሯንም አላቆመችም።