የአባ ቀን እራት

ዓፊያ ሥጋውን ከፌስታሉ አውጥታ መክተፊያው ላይ ካስቀመጠች በኋላ ቢላዋውን ሳታነሳ ቆመች። ቀኑ ሰኞ ነው፤ የአባቷ ቀን። በአባቷ ቀን ሥጋ፣ እሱ ባይሆን እንቁላልና ከጨፋ የመጣ እርጎ እንደሚቀርብ የቤቱ ሰው ሁሉ ያውቃል።

እናቷ ዙቤይዳ በሰንበቴና በባቲ ገበያ ጨርቅ መነገድ ከጀመረች ወዲህ፣ የሳምንቱን እራት አስቀድሞ ማሰብ የስምንተኛ ክፍል ተማሪዋ የዓፊያ ሥራ ሆኗል። ብዙም አይከብድም። አባቷ አደም ሁለት ሚስት አለው፤ አንድ ሌሊት እዚህ፣ አንድ ሌሊት ከገበያው ማዶ እትዬ ዘሃራ ቤት ያድራል። ስለዚህ አንድ ቀን ጥሩ ወጥ፣ አንድ ቀን ሽሮ ማለት ነው። እናቷ ለአባትሽ ቀን ተጠንቀቂ ትላታለች። ምክንያቱን አትናገርም፤ ዓፊያ ግን ታውቀዋለች። እናቷ፣ አባቷ ከወዲያኛው ቤት ያነሰ እዚህ በላ መባልን አትወድም።

ነገሩ የተበላሸው ዛሬ በዕረፍት ሰዓት ነው። የእትዬ ዘሃራ ልጅ ኢማን የዓፊያ የክፍል ጓደኛ ናት፤ በአባት እህትማማች ናቸው። ኢማን የዛሬው እራታቸው ሽሮ መሆኑን እያማረረች፣ ነገ ግን አባቷ ስለሚያድር ዶሮ እንደሚሠራ ነገረቻት። ዓፊያም የእነሱ ቤት እንደዚያው መሆኑን ነገረቻት።

«ቆይ፣ አባ ሽሮ የበላው መቼ ነው?» አለች ኢማን። «እሱማ ፈታ ብሏል።»

ተያይተው ሳቁ። ዓፊያ ግን ሳቋ ቶሎ ጠፋ። ትንሹ ወንድሟ ጣሃ በየማለዳው ዛሬ የአባ ቀን ነው ወይ እያለ ይጠይቃል። አባቷ ይህን ሲሰማ ልጁ የናፈቀው እየመሰለው ደስ ይለዋል። ጣሃ የሚናፍቀው ሥጋውን ነው። አባቷ ክፉ ሰው አይደለም፤ ልጆቹ ሁልጊዜ እሱ የሚበላውን የሚበሉ ይመስለዋል። ዓፊያ ተናደደችበትም፣ አዘነችለትም።

ሁለታችንም በአባ ቀን ሽሮ ብናቀርብስ ብላ ኢማንን ጠየቀቻት። ኢማን እናቴ ወጡን አታስነካኝም አለች። «ብቻሽን ካደረግሽው ደግሞ የምትጎዳው እናትሽ ናት» ስትል ጨመረችላት። እውነቷን ነበር።

ዓፊያ ሥጋውን መልሳ ፍሪጅ ውስጥ ከተተችው።

እናቷ ከባቲ ደክማ ገባች። መግሪብ ተሰግዶ ትሪው ሲቀርብ የማሽላ እንጀራው ላይ ያለው ሽሮ ብቻ ነው። እናቷ ዓይኗን አፈጠጠችባት። አባቷ ቢስሚላህ ብሎ ጎረሰ፤ ደገመ። ከዚያ ዛሬ ሥጋ ጠፍቶ እንደሆነ ጠየቀ።

«ሥጋው አለ» አለች ዓፊያ። «ለነገ ነው።»

«ነገ እኔ እዚያ ነኝ።»

«አዎ፣ አባ።»

አባቷ ወደ ጣሃ ዞሮ ትናንት ምን እንደበላ ጠየቀው። ሽሮ አለ ጣሃ። ከትናንት ወዲያስ ሲለው ጥቂት አሰበ። «ሥጋ፤ አንተ ነበርካ።»

አባቷ እጁን ትሪው ላይ እንዳደረገ ቆየ። እናቷ አንገቷን ደፋች። ቆይቶ ዓፊያን በኦሮምኛ «ኮቱ፣ ታኢ»፣ ነይ ተቀመጪ ብሎ ጠርቶ ከጎኑ አስቀመጣትና አጎረሳት።

ዕቃ ሲያጥቡ እናቷ «አዋረድሽኝ» አለቻት። «ነገ እዚያ ጥሩ ወጥ ሲቀርብለት ስለ እኔ ምን የሚል ይመስልሻል?»

ዓፊያን እናቷን ማስከፋቷ ከልቧ አሳዘናት። ድስቱ ታጥቦ እንዳለቀ እናቷ ፊቷን ሳታዞር ለረቡዕ ምን እንዳሰበች ጠየቀቻት። ረቡዕም የአባቷ ቀን ነው። ዓፊያ ይቅርታ ልትጠይቅ አፏን ከፈተች፤ ከዚያ ሐሳቧን ቀየረች።

«ሽሮ» አለች።

እናቷ ድስቱን ደፍታ አስቀመጠች።

«እንግዲህ ቅቤ ጣል አድርጊበት» አለች፤ «የዛሬው ቀጥኖ ነበር።»