ሁለቱን የሚያሠራው ማሽን

የምርምር ማዕከሉ ኃላፊ ደበበ፣ ፊቱ በኮምፒውተሩ ስክሪን ውስጥ እንደተቀበረ ሞቶ ተገኘ። ማጅራቱን ያደቀቀው የአፈር ናሙና መሰባበሪያ መዶሻ እግሩ ሥር ወድቋል። የስክሪኑ መስታወት ስብርባሪ ጉንጩን ተልትሎት ደሙ ከጠረጴዛው ወደ ወለሉ ይንጠባጠባል።

ዲላ ዳገቱ ላይ ወዳለው የቡና በሽታ ምርምር ማዕከል የተጠራችው ኢንስፔክተር ወለላ አስከሬኑን ዞር ዞር ብላ አየችና መጀመሪያ ያገኘውን የኮምፒውተር ነጋዴ፣ ሱፍያንን፣ አነጋገረች።

«ማሽኑን ያመጣሁት እኔ ነኝ» አለ። «ጋሽ ደበበ ዩኒክስ በሚባለው ሥርዓት የሚሠራ፣ የተራውን ኮምፒውተር፣ የፒሲን ፕሮግራምም የሚከፍት አንድ ማሽን ፈልግልኝ ብለውኝ ነበር። ጠዋት ገጥሜላቸው ሄድኩ። ከምሳ በኋላ ስመለስ መስታወት ሲሰበር ሰማሁ። ስገባ የኋላው በር ወለል ብሏል፤ እሳቸው ደግሞ...»

በማሽኑ ምርጫ የተጨቃጨቁ ሁለት ተመራማሪዎች ነበሩ። ይርጉ የበሽታውን ስርጭት ስሌት የሚሠራው በዩኒክስ ብቻ ነው፤ ሀምዲያ የናሙናዎቿን ውጤት የምታሰፍርበት የካርታ ፕሮግራም ደግሞ ከፒሲ ውጪ አይከፈትም።

«የቦታዎቹን ስም ዛሬ ነው ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የቀየርኩት» አለች ሀምዲያ ዐይኗ በለቅሶ አብጦ። «ካርታውን በፍላሽ አድርጌ በሩ ላይ ለደበበ ሰጠሁትና ስብሰባ ገባሁ። ከእሱ በቀር ማንም አላየውም።»

ይርጉ ረጋ ብሎ ተቀመጠ። «ይርጋጨፌ ውዬ ገና መግባቴ ነው። ያ ማሽን ግን ለማናችንም አይበጅም።»

«የሀምዲያን ካርታ አይከፍትም?» አለችው ወለላ።

«ቢከፍትስ! የኢዲዶም የፍስሐ ገነትም ስም ካርታው ላይ የተጻፈው በአማርኛ ነው፤ ፊደሉ ባዶ ሳጥን ሆኖ ይወጣል።»

ስክሪኑ ቢደቅም ማሽኑ ከጠረጴዛው ሥር መሥራቱን አላቋረጠም። ወለላ ሌላ ስክሪን አስገጥማ የተከፈቱትን ፋይሎች ስትመለከት ቆየችና ሦስቱንም ደሙ ገና ወዳልታጠበበት ክፍል ጠራቻቸው።

«ሱፍያን ሲገባ ስክሪኑ ተሰብሯል። ሀምዲያ ስብሰባ ላይ ነበረች። የአማርኛው ካርታ እዚህ ተከፍቶ ፊደሉ ሳጥን ሲሆን ያየው ደበበና ከጀርባው የቆመው ሰው ብቻ ነው። ይርጉ፣ አንተ በምን አየኸው?»

«ገምቼ ነው።»

«ደበበ ያንተን ስሌት ከእሷ ካርታ ጎን ከፍቶታል። በአንተ ስሌት ኢዲዶ በሙሉ በሽተኛ ነው፤ ገበሬው ቡናውን እየነቀለ ያቃጠለው አንተን አምኖ ነው። በእሷ ናሙና ግን በሽታው የለም። ስሌትህ ውስጥ ከኢዲዶ የተሰበሰበ አንድም ናሙና አልተመዘገበም፤ ናሙና ሳትሰበስብ ነው ውጤት የፈጠርከው። ሥራችሁ በሁለት ማሽን እስከተለያየ ድረስ የሚያመሳክረው አልነበረም። ማሽኑን የጠላኸው ለዚህ ነው።»

ይርጉ ዘሎ ሀምዲያን አንገቷን አንቆ ጭንቅላቷን ከግድግዳው ጋር አላተመው። ወለላ በዱላ ክንዱን ስትለው አጥንቱ ሲሰበር ተሰማ። ወለሉ ላይ ተዘርሮ ጮኸ፤ «ደበበ ገበሬው ፊት ቆመህ ዋሸሁ በል አለኝ! ገበሬው ፊት!»

እየጎተቱ ወሰዱት። ሀምዲያ ከከንፈሯ ደሙን በመዳፏ ጠረገች።

«ኢዲዶ መሄድ አለብኝ።»

«አሁን ምን ይጠቅማቸዋል? ነቅለውት የለ» አለ ሱፍያን።

«ያልነቀሉም አሉ» አለችና ሞተር ሳይክል ፍለጋ እየሮጠች ወጣች።