የኢርያ የመጀመሪያ ቢላ

ኢንስፔክተር ሂልካ ካውሃቫ ከተማ፣ ከቀጥቃጩ ኦርቮ ቤት ስትደርስ ሰውየው ብረት በሚቀጠቅጥበት መስፍ ሥር ሞቶ በጀርባው ተንጋሎ ነበር። ደረቱ ላይ የተሰካው ቢላ እጀታ እንኳ አልገባለትም፤ እጀታ የሚገባበት ጭራው በጨርቅ ተጠቅልሏል።

«የዚህች ነው!» አለ የሟች ወንድም ታይስቶ፣ ጥግ ወደቆመችው ወጣት የኦርቮ ተለማማጅ ኢርያ እየጠቆመ። «ጠማማነቱን አያዩትም? ወንድሜን ጀማሪ ሰብስብ ሲለው፣ ይኸው!»

ፖሊሶቹ ካቴና አውጥተው ኢርያን ከበዋታል። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል፤ ሂልካን የሚያበግናትም ይኸው የምሳር ጥድፊያ ነው።

«ዞር በሉላት!» ብላ ጮኸችባቸው። «ቢላውን መቼ ሠራሽው?»

«ትናንት። አግለን ዘይት ውስጥ ነከርነው። ዛሬ ዳቦ ምድጃው ውስጥ በዝግታ ሞቆ ሊለዝብ ነበር። እስኪለዝብ እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ነው፣ እንዳትጥዪው ብለውኝ ነበር ጋሽ ኦርቮ።»

«ተጣልታችኋል?»

«ጠማማ ነው እያሉ ሲያስደግሙኝ መዶሻ ወረወርኩ። ግን እራት ላይ ስቀን፣ ቢላ ላይ የምመታውን የስሜን ማኅተም ላንቺ ነው የማወርሰው አሉኝ። ሁሉም ሰምቷል።»

ከፖሊሶቹ ጋር የመጣው ሐኪም ቢላውን ነቅሎ ቀና አለ። «ጎድን አጥንቱን ሰንጥቆ ነው የገባው። ጫፉ ግን ቅንጣት አልተሸረፈም።»

ሂልካ ወደ ማድ ቤት ገባች። የሟች ሚስት ኬርቱ፣ ሬሳው ሳይገኝ የጋገረችውን ጥቁር ዳቦ ትኩር ብላ ታያለች። ሂልካ ቆርሳ አሸተተችው።

«ወይዘሮ ኬርቱ፣ ይሄ ዳቦ የተቃጠለ ዘይት ይሸታል።»

«ምድጃው ነው። ጠዋት ስከፍተውም ሸቶኛል። ማን እንደነካው እንጃ።»

«ማን ማን ነው እዚህ ያደረው?»

«እኛና ታይስቶ። ኢርያም።»

ሂልካ ሁሉንም መስፉ ዙሪያ ሰበሰበች። ቢላውን አጋድማ መዶሻ አነሳች።

«አይምቱት! ዓይንዎ ይጠፋል!» ኢርያ ፊቷን በክንዷ ሸፈነች። ኬርቱም የቀጥቃጭ ሚስት ናትና ዘልላ በሩ ኋላ ተደበቀች። ታይስቶ እጁን አጣምሮ ቆሟል።

«አንተ ለምን አልሸሸህም?»

«ከምኑ?» ሳቀ። «ይሄ እኮ አይሰበርም።»

ሂልካ መዶሻውን አስቀመጠች።

«ትናንት ብርጭቆ ነበር፤ አጥንት ሲነካ መሰባበር ነበረበት። አልተሸረፈም፤ ስለዚህ ከመግደሉ በፊት አንድ ሰው አለዝቦታል። ምድጃው ውስጥ፣ ዘይቱ ላዩ ላይ እንዳለ። ዳቦው መስክሯል። እነዚህ ሁለቱ ይሰበራል ብለው ሸሹ። እንደማይሰበር የሚያውቀው ያለዘበው ብቻ ነው!»

የታይስቶ ፊት ደም ለበሰ። «ወናፍ ስነፋለት ያረጀሁት እኔ! ማኅተሙን ለዚች! ለዚች ጠማማ!»

«እጇን ቆልፈን ብንሄድ ኖሮ ዛሬ እራትህን ትበላ ነበር፣ አንተ አረመኔ!»

ለኢርያ የወጣው ካቴና ታይስቶ እጅ ላይ ተቆለፈ። ልጅቷ እንባዋን በጥቁር መዳፏ ጠረገች።

«ቢላዬን መቼ ትመልሱልኛላችሁ?»

«ምን ልታደርጊው?»

«ልሰብረው ነዋ!»

ሂልካ በሩ ላይ ቆመች። «አይሰበርልሽም» አለች ጥርሷን ነክሳ። «ደህና አድርጎ ነው ያለዘበው።»