ትንሿ ጣቷ የጎበጠች ሸክላ ሠሪ

ዶክተር አስካለ ስትገባ፣ ከሞተች ሦስት ሺህ ዓመት ያለፋት ሴት እጅ እንደ ወትሮው ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ ጠበቃት። እጁ ከብርሃን የተሠራ ነው። ጣት-አንባቢው፣ ማለትም ሸክላ ላይ ከቀረ አሻራ ተነሥቶ የሠሪውን እጅ መልሶ የሚያሳየው መሣሪያ፣ ትናንት ያነበበው የጥቁር ማሰሮ ስባሪ ነበር። ትንሿ ጣት ተሰብራ፣ ጎብጣ ድናለች።

አስካለ ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ ከወንዙ ማዶ የተቆፈረውን ቀይ ስባሪ አስገባች። ይቺን ጨርሳ መተኛት ነበር የፈለገችው። ጥቁር ማሰሮ የወዲህ ማዶ ነባሮች፣ ቀይ ማሰሮ ኋላ የመጡት፤ ሁለት ሕዝብ። ዕድሜ ልኳን ያስተማረችው ይህንኑ ነው። ነገ የከተማው ጉባኤ ይህንኑ ቃሏን ይዞ የዚያ ማዶ ነዋሪዎችን መጤ ብሎ ከቤታቸው ሊያስነሣ ነው።

መሣሪያው እጅ ዘረጋ። ትንሿ ጣት ጎብጣለች።

“ኑርሑሴን፣ ይሄ ነገርህ ተበላሽቷል።”

መሣሪያውን የሚጠግነው ኑርሑሴን ቤቱ ማዶ ነው። የቤቱን ዕቃ ሸክፎ ነው ሥራ የገባው፤ ስለ ነገ ግን አንድም ቀን አንሥቶባት አያውቅም። የመሣሪያውን መስተዋት ወልውሎ ደግሞ አስነበበው። ያው እጅ መጣ።

“እሱስ ደህና ነው፣ እትዬ አስካለ። ሴትዮዋ አንድ ናት።”

አስካለ ሁለቱን ስባሪዎች ጎን ለጎን አስቀመጠች። ሸክላ ሲተኮስ ገለባ ጥለው ጢሱን ካፈኑት ይጠቁራል፤ ካላፈኑት ይቀላል። ይህን ራሷ ለተማሪዎቿ ስትናገር ኖራለች። አንዲት ሴት ለሁለቱም ማዶ ትሠራለች ብላ ግን አላሰበችም። ሁለት ሕዝብ ስትለው የኖረችው እፍኝ ገለባ ሆኖ ቀረ። አፈረች፤ ከማፈሯም ይልቅ ደከማት። ተበላሽቷል ብላ ብትተወው የሚጠይቃት የለም።

ለጉባኤው ሰብሳቢ ለአቶ መንክር ደወለች።

“ማሰሮዎቹን የሠራቻቸው አንዲት ሴት ናት። መጤ ያልኩትን ቃል አንሥቻለሁ።”

“ደግ ነው። ታዲያ የትኞቹን እናንሣ?”

“ማንንም።”

“እንደሱማ አይሆንም፣ ዶክተር። መኪኖቹ ታዘዋል።”

አስካለ ስልኩን ዘጋችና እስካሁን ያላወረደችውን ቦርሳ ትከሻዋ ላይ አስተካከለች።

“ኑርሑሴን፣ ዛሬ እናንተ ጋ ባድር መኝታ ይኖራችኋል?”

“ፍራሹን ጠቅልለነዋል፣ እትዬ” አለ። መሣሪያውን ሳያጠፋ ጃኬቱን አነሣ። “እንዘረጋዋለን።”